የፊት ፍሬን ዲስክ ከኋላው ለምን ይበልጣል?

የአንድን መኪና አራት ጎማዎች ፈትቶ የፍሬን ዲስኮቹን ያነጻጸረ ሰው፣ የፊቶቹ ሰፋና ወፈር ያሉ፣ የኋላዎቹ ደግሞ አነስና ሳሳ ያሉ መሆናቸውን ወዲያው ያስተውላል። ብዙዎች ይህን አምራቹ ወጪ ለመቆጠብ ያደረገው አድርገው ይወስዱታል። አነስተኛ ዲስክ ርካሽና ቀላል መሆኑ እውነት ነው፤ የልዩነቱ መነሻ ግን ይህ አይደለም። ትልቁ ዲስክ ምንም ወጪ ባይጠይቅ እንኳ ጠንቃቃ መሐንዲስ የኋላውን ፍሬን እንደ ፊቱ ኃይለኛ አያደርገውም።

ጎማ መንገዱን ቆንጥጦ የሚይዝበት አቅም በዋናነት የሚወሰነው በተሸከመው ክብደት ነው። መኪና ሲቆም ፍሬኑ የሚይዘው ታች፣ ጎማው ከመንገዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ሲሆን፣ የመኪናው የክብደት ማዕከል ግን ከመሬት ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ወደፊት መጓዙን ለመቀጠል ይገፋል። በዚህም ምክንያት አፍንጫው ይደፋል፤ ከኋላ ጎማዎች ላይ የተነሣው ጭነትም የፊቶቹ ላይ ያርፋል። የሚዛወረው ጭነት መጠን በክብደቱ፣ በአቋቋሙ ኃይለኛነት፣ በክብደት ማዕከሉ ከፍታና በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ባለው ርቀት ይወሰናል። 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ ሞተሩ ከፊት የሆነና ቆሞ ሳለ 60 በመቶው ክብደቱ በፊት ጎማዎች ላይ የሚያርፍ መኪና እንውሰድ፤ የክብደት ማዕከሉ ከመሬት 55 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ የጎማዎቹ ርቀትም 2.7 ሜትር ይሁን። በደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬኑ በኃይል ተረግጦ ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ8 ሜትር በሰከንድ ቢቀንስ፣ ወደ 250 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ጭነት ከኋላ ወደ ፊት ይዛወራል። ያን ጊዜ ፊቱ 1,150፣ ኋላው 350 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው። ከመያዝ አቅሙ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው ከፊት ሲገኝ፣ የፍሬኑም ሥራ በዚያው ልክ ወደ ፊት ማጋደሉ የግድ ነው።

የኋላው ፍሬን ከሚገባው በላይ ቢበረታ የሚመጣው ጉዳት፣ በእኔ አመለካከት፣ ከጉዳዩ ሁሉ ዋነኛው ነው። ጭነቱ የቀለለለት የኋላ ጎማ በቀላሉ ይቆለፋል፤ የተቆለፈና የሚንሸራተት ጎማ ደግሞ መኪናውን ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዝበትን አቅም ያጣል። የፊት ጎማዎች ቀድመው ቢቆለፉ መሪው አይታዘዝም፤ መኪናው ግን ቀጥ ብሎ ይንሸራተታል፤ አሽከርካሪው ፍሬኑን ላላ ሲያደርግም መሪው ይመለስለታል። የኋላዎቹ ቀድመው ሲቆለፉ ግን ትንሽ ዝንባሌ እንኳ በቅጽበት ይሰፋና መኪናው ይሽከረከራል፤ ይህም ሰው ነቅቶ ለማረም ከሚችለው ፍጥነት በላይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የቤት መኪና ፍሬን ደንብ ቁጥር 13-ኤች የኋላ ጎማዎች ከፊቶቹ ቀድመው የመያዝ አቅማቸውን እንዳይጨርሱ የሚያስገድደው ለዚህ ነው። እንግዲህ ትንሹ የኋላ ዲስክ ጉድለት ሳይሆን የተሳፋሪውን ሕይወት የሚጠብቅ ልከኝነት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ሙቀት ነው። ፍሬን እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ ያው መኪና በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ሲቆም ወደ 580 ኪሎ ጁል የሚጠጋ ኃይል ያስወግዳል፤ ይህም ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ውኃ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንሥቶ ለማፍላት የሚበቃ ነው። ሦስት አራተኛው በሁለቱ የፊት ዲስኮች ላይ ቢወርድና እያንዳንዱ 7 ኪሎ ግራም ቢመዝን፣ በአንድ አቋቋም ብቻ የዲስኮቹ ሙቀት ከ60 ዲግሪ በላይ ይጨምራል። ተዳፋት ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ 500 ሜትር ከፍታ ሲወረድ የሚለቀቀው ኃይል ከላይ ከተጠቀሰው ከ12 እጥፍ በላይ ነው። ከፊሉን ነፋሱና ጎማው ይቀበሉታል፤ ወደ ዝቅተኛ ማርሽ ካልተቀየረ ግን አብዛኛው በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የፊት ዲስክ ብዙውን ጊዜ በሁለት ገጾቹ መካከል ክፍተት አለው፤ ሲሽከረከር አየር ከመሐሉ ስቦ በዳር በኩል ያስወጣል። የኋላው ግን በብዙ መኪኖች ድፍን ነው፤ ከዲስክ ይልቅ የከበሮ ቅርጽ ያለው ድራም የሚገጠምበትም ጊዜ አለ። በ1955 የወጣው ሲትሮየን ዲኤስ ዲስክ የነበረው ከፊት ብቻ ሲሆን፣ የኋላው የፍሬን ግፊት ከኋላ ጎማዎች ጭነት ጋር አብሮ እንዲጨምርና እንዲቀንስ ተደርጎ የተሠራ ነበር። ይህን መፍትሔ እጅግ አደንቀዋለሁ።

የዲስክ ስፋትና ውፍረት ሥራቸው የተለያየ ነው። ስፋቱ ለካሊፐሩ፣ ማለትም የፍሬን ሸራውን በዲስኩ ላይ ለሚያጣብቀው ክፍል፣ ረዘም ያለ ክንድ ይሰጠዋል፤ ሸራው ዲስኩን የሚነካበት ርቀት ከመሐል ከ120 ወደ 140 ሚሊ ሜትር ቢያድግ፣ በዚያው ግፊት የማቆም ኃይሉ በ17 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ውፍረቱና ክብደቱ ደግሞ ሙቀትን ለመሸከም ነው። በዚህም ምክንያት የእጅ ፍሬኑ ሸራ በኋላው ዲስክ መሐል የሚቀመጥባቸው አንዳንድ መኪኖች የኋላ ዲስካቸው ለዚያ ሸራ ቦታ ለመስጠት ሰፋ ብሎ ሳሳ ያለ ሆኖ ይገኛል፤ ሸራውን የሚገፋው የካሊፐሩ ፒስተን ግን ትንሽ በመሆኑ ሚዛኑ አይዛነፍም። እንደ ፖርሼ 911 ሞተራቸው ከኋላ በሆኑት መኪኖች ልዩነቱ ይጠብባል። እንደ ፎልክስቫገን አይዲ.3 ባሉት፣ ኤሌክትሪክ ሞተሩ ራሱ የኋላ ጎማዎችን እያቀዘቀዘ ባትሪ በሚሞላባቸው መኪኖች፣ ከኋላ ድራም ማየት የሚያስገርም አይሆንም።

ትክክለኛው ክፍፍል ግን አንድ ቦታ ላይ አይቆምም። እርጥብ መንገድ ላይ በቀስታ ሲቆም ከፊት የሚያርፈው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው፤ ኋላው በሰውና በዕቃ ሲሞላም የኋላ ጎማዎች የበለጠ መሥራት ይችላሉ። ዛሬ ይህን የሚያስተካክለው ጎማ እንዳይቆለፍ ከሚከላከለው ከኤቢኤስ ጋር የሚሠራው ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ነው፤ በቀላል አረጋገጥ ጊዜ የኋላውን ፍሬን በሰፊው ስለሚጠቀምበትም በአንዳንድ መኪኖች የኋላው ሸራ ከፊቱ ቀድሞ ያልቃል። ይህን የማያውቅ ሰው የፊቱን ብቻ አይቶ ይሄዳል።

ለመልክ ሲባል ከኋላ ብቻ ትልቅ ዲስክና ትልቅ ካሊፐር ማስገጠምን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ከላይ የተገለጸውን ልክ በቀጥታ ያፈርሳልና። ዲስክ የሚቀይር ሰው በፋብሪካው የተወሰነውን ስፋትና ውፍረት ለፊትም ለኋላም ለየብቻ ይጠብቅ፤ በአንድ አክስል ላይ ያሉትን የግራና የቀኝ ዲስኮች ሁለቱንም አብሮ ይቀይር። ዲስኩ ሊሳሳ የሚችልበት ዝቅተኛ ውፍረት ብዙውን ጊዜ በራሱ በዲስኩ ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ የፊቱ ቁጥር ለኋላው አይሠራም።