ሦስት ደቂቃ

ዛሬ ስብሰባው ላይ ሦስት ደቂቃ ተሰጥቶኝ ሦስቱንም አበላሸኋቸው።

ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ አጠገብ የሕፃናት ማቆያ ይከፈት ብለን መመላለስ ከጀመርን ቆየን። እኔ ደግሞ ሌሊቱን ሳጠና ያደርኩትን "የተቸገሩ እናቶች" ብዬ ጀመርኩ። ፊት የተቀመጡ አንድ ጋሼ አላስጨረሱኝም፦ "አቦ፣ የወለደ ያሳድግ! እኛን ማን ረዳን?" አዳራሹ ሳቀ። ድንግጥ ብዬ ወደ ሕገ መንግሥቱ ሮጥኩ፤ አንቀጽ 34፣ ቤተሰብ ከኅብረተሰብና ከመንግሥት ጥበቃ የማግኘት መብት አለው። ማንም ቀና አላለም። በዚያ ሙቀት አንቀጽ ማን ይሰማል!

ስወጣ እየተናደድኩ ነበር። መንገድ ላይ ግን ቀዝቀዝ ብዬ ሳስበው ጥፋቱ የኔ ነው። "የተቸገሩ" ስል ለሰው የሚታየው ስንዴ፣ ዘይትና የስም ዝርዝር ነው። በ2009 የከተማ ሴፍቲኔት የሚባለው የድሆች ድጋፍ ሲጀመር ድሬ ከ11ዱ ከተሞች አንዷ ነበረች፤ እኛ ሰፈር "እሷ ገባች፣ እኔ ቀረሁ" ተባብለው እስከ ዛሬ ቡና የማይጠራሩ አሉ። እኔም የሰማኝን ሁሉ እዚያ ሰልፍ ላይ አቆምኩት።

ማለት የነበረብኝ ያየሁትን ነው። ቲማቲም የምትሸጠው ልጅ ባዶ ሳጥን ውስጥ ነጠላ አንጥፋ የአራት ወር ሕፃኗን ታስተኛለች። ባጃጅ በቀረበ ቁጥር ሳጥኑን በእግሯ ወደ ውስጥ ትስበዋለች፤ እጇ ሚዛን ይዟል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156 ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ይሰጣታል። ለዚህችኛዋ ፈቃዱን ማን ይሙላላት? አሠሪዋም ሠራተኛዋም ራሷ ናት።

ደረቁን የደቻቱ ወንዝ ስሻገር ልጆች አሸዋው ላይ ኳስ ይጫወታሉ፤ የጎርፍ መከላከያ ግንቡ ላይ ልብስ ተዘርግቷል። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ በዚሁ አሸዋ የወረደው ጎርፍ ሰውን ከነመኝታው ወሰደ፤ ከ200 በላይ ነፍስ። ያኔ "ሁሉም የራሱን በር ይጠብቅ" ያለ ሰው አልሰማሁም። ግንቡንም እርዳታ የሚለው የለም፤ ከኋላው ሀብታምም ድሃም ይተኛል። አገኘሁት አልኩ! ማቆያውንም እንደዚህ ነው ማውራት።

ማታ ለጎረቤቴ ለእማማ ደስ እያለኝ ነገርኳቸው። ጀበናውን ከፍም ላይ አነሱና፦

"መልካም ብለሻል፣ ልጄ። ግን ግንቡን የሠሩት እኮ ሰው ካለቀ በኋላ ነው።"

ምን ልበላቸው? ሁለተኛውን ስኒ ዝም ብዬ ጠጣሁ።

ሰኞ ደግሞ ሌላ ስብሰባ አለ። ከወረቀቴ ላይ "የተቸገሩ" የሚለውን ሰርዣለሁ፤ ሳጥኑን አስገብቻለሁ። ግንቡ ላይ ገና አልወሰንኩም። እሳቸውን ይዣቸው ብሄድ ይሻል ይሆን?