የወንድሜ ስልክ የጠፋ ጊዜ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ምስክርነት ልጽፈው እያልኩ ብዙ ጊዜ ትቼዋለሁ። ለምን እንደሆነ ስታነቡ ይገባችኋል።

ታናሽ ወንድሜ የአሜሪካ ጦር ወታደር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 አፍጋኒስታን፣ ካንዳሃር ተላከ። በዚያ ጦርነት እንደዚያ ዓመት ብዙ የአሜሪካ ወታደር የሞተበት ጊዜ የለም፤ ከተኩሱ ይልቅ የሚፈጀው መንገድ ላይ የሚቀበረው ፈንጂ ነበር። ዜናውን ከእማዬ ለመደበቅ እንሞክራለን፣ እሷ ግን ሁልጊዜ ቀድማን ትሰማለች።

የሚደውለው ጦር ሰፈሩ ውስጥ ካለው ስልክ ወረፋ ጠብቆ ነው። ድምፁ ዘግይቶ ስለሚደርስ አንዳችን በሌላችን ላይ እንናገራለን። የት እንዳለ፣ መቼ ለግዳጅ እንደሚወጣ መናገር ክልክል ነው፤ ስለዚህ ወሬያችን "በላህ? ተኛህ?" ሆኖ ቀረ። እማዬ "ትጸልያለህ ወይ?" ትለዋለች። "አዎ እማ" ይላል፤ እውነቱን ይሁን እሷን ለማስደሰት፣ እግዜር ይወቅ።

ከዚያ ድንገት ጠፋ። ስልክ የለ፣ ኢሜይል የለ። ባሏ እዚያው የጦር ክፍል ውስጥ ያለ አንዲት ሴት ነገሩን አስረዳችን። ወታደር ሲሞት ወይም ክፉኛ ሲቆስል ቤተሰቡ ወሬውን ከሰው አፍ እንዳይሰማ የክፍሉ ስልክና ኢንተርኔት ይዘጋል። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ዩኒፎርም የለበሱ ሰዎች መጥተው በር ያንኳኳሉ፣ እሱም ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ባለው ጊዜ ነው። ይህን ካወቅን በኋላ ትንፋሽ የምናገኘው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ብቻ ሆነ። ሌላውን ሰዓት መኪና ደጃፋችን ላይ በቆመ ቁጥር ጉልበታችን ይከዳናል።

እማዬ መዝሙር 91ን ይዛ ተቀመጠች። "በአጠገብህ ሺህ፥ በቀኝህም አሥር ሺህ ይወድቃሉ፤ ወደ አንተ ግን አይቀርብም" የሚለው ላይ ስትደርስ ግን ማንበብ አቃታት። "በአጠገቡ ያሉትስ የእናት ልጆች አይደሉ?" አለች። ከዚያ ጸሎቷ ተለወጠ፤ "ልጄን አውጣልኝ፣ በሯ የሚንኳኳባትንም እናት አንተ ደግፋት" ትል ጀመር።

አንድ ቀን ገና ሳይነጋ ስልኩ ጮኸ። "እማ፣ እኔ ነኝ፣ ደህና ነኝ።" ለግዳጅ ሊወጣ ሲል ሬዲዮ ተበላሽቶ ሊጠግን ስለቀረ፣ ሌላ ወታደር መኪናው ውስጥ በእሱ ቦታ ገብቶ ሄደ፤ ፈንጂውም ያንኑ መኪና አገኘው። አጋጣሚ ነው የምትሉ ትኖራላችሁ፣ እኔ ግን ጌታ ነው ያስቀረው እላለሁ። እንኳን እልልታ፣ ከእማዬ አፍ የወጣው "ልጁ እናት አለው?" የሚል ነበር። ወንድሜ ስልኩን እንደያዘ አለቀሰ።

ያዘገየኝ ይሄው ነው። ያቺም እናት ጸልያ ነበር እኮ! ለዚህ መልስ የለኝም፤ መልስ እስካገኝ ደግሞ ምስጋናዬን ማቆየት አልቻልኩም። ወንድሜ እ.ኤ.አ. በ2011 በሰላም ተመለሰ፣ ዛሬ የልጆች አባት ነው። ክብር ለጌታ ይሁን! በየዓመቱ በግንቦት ወር፣ አሜሪካ በጦርነት የሞቱ ወታደሮቿን በምታስብበት ሰኞ፣ ለጓደኛው እናት ይደውላል፤ እማዬም ተቀብላው በምታውቃት ትንሽ እንግሊዝኛ ታዋራታለች። ስሟን ባልነግራችሁም በጸሎታችሁ አስቧት። ተባረኩ።