ፓይተንን በዊንዶውስ፣ በኡቡንቱና በማክ ማዋቀር፦ «መሐል ሜዳ» ኮዱን ለምን ያቆመዋል?

ደብረ ብርሃን ላይ በዊንዶውስ ላፕቶፕ የተጻፈ ኮድ ሸዋ ሮቢት ላለ ጓደኛ በቴሌግራም ይላካል፤ እሱ ደግሞ ኡቡንቱ ላይ ያስኬደዋል። አንዱ ጋ ሠርቶ ሌላው ጋ እምቢ ካለ፣ ኮዱን ከመነካካት በፊት ኢንተርፕሪተሩ (ኮዱን እያነበበ የሚያስኬደው ፕሮግራም፣ ማለትም ፓይተን ራሱ) እንዴት እንደተዋቀረ ማየት ይበጃል።

መጀመሪያ የትኛው ፓይተን እየመለሰላችሁ እንደሆነ አረጋግጡ። ዊንዶውስ ላይ ኢንስቶለሩ ሲከፈት ከታች ያለችውን፣ ፓይተንን «ፓዝ» (ትእዛዝ የሚጻፍበት ተርሚናል ፕሮግራም የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) ላይ የምትጨምር ሳጥን ሳታመለክቱ ካለፋችሁ፣ ተርሚናሉ ፓይተንን አያገኘውም። ይባስ ብሎ «ፓይተን» ብላችሁ ስትጽፉ የማይክሮሶፍት ስቶር ገጽ ሊከፈት ይችላል። ሴቲንግስ ውስጥ «አፕ ኤክሴኪውሽን ኤሊያስስ» የሚለው ዝርዝር ላይ የፓይተንን ሁለት ማብሪያዎች አጥፉ፤ ከዚያ ኢንስቶለሩን እንደገና ከፍታችሁ ፓዙን አስተካክሉ። ዊንዶውስ 7 ያለበት አሮጌ ማሽን ከፓይተን 3.8 በላይ አይቀበልም።

ኡቡንቱ ላይ ትእዛዙ «ፓይተን3» ነው። ከሲስተሙ ጋር የመጣውን ፓይተን በፍጹም አታራግፉ፤ የሲስተሙ የራሱ መሣሪያዎች በእሱ ላይ ናቸው። ከኡቡንቱ 23.04 ጀምሮ ፒፕ (ፓኬጆችን፣ ማለትም ሌሎች የጻፏቸውን ዝግጁ ኮዶች የሚጭነው የፓይተን መሣሪያ) በቀጥታ እንዳይጭን የታገደውም ለዚሁ ነው። እገዳውን በጉልበት የሚያልፈውን አማራጭ ትታችሁ፣ በአፕት (የኡቡንቱ ፕሮግራም መጫኛ) «ፓይተን3-ቬንቭ»ን ጫኑና ለየፕሮጀክቱ የራሱን ቬንቭ (ፓኬጆቹ ለብቻ የሚቀመጡበት ፎልደር) ፍጠሩ። ቬንቩን ግን በፍላሽ ወደ ሌላ ማሽን አትገልብጡ፤ የተፈጠረበት ፎልደር ሙሉ አድራሻ ውስጡ ተጽፏል። የሚላከው ኮዱና የፓኬጆቹ ዝርዝር ብቻ ነው። ማክ ላይ ከማክኦኤስ 12.3 ወዲህ ፓይተን 2.7 የለም፤ አዲሱን ከፓይተን ድረ ገጽ አውርዱ።

ለእኛ ዋናው ጣጣ ግን ፊደል ነው። ኮምፒውተር ፊደልን የሚያስቀምጠው ባይት በተባሉ ቁጥሮች ነው፤ የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚወስነው ሰንጠረዥ ኢንኮዲንግ ይባላል። ኡቡንቱና ማክ ላይ ፓይተን ፋይል ሲከፍት ዩቲኤፍ-8 የተባለውን ኢንኮዲንግ ይጠቀማል። በአሜሪካ እንግሊዝኛ የተዋቀረ ዊንዶውስ ላይ ያለ፣ እስከ 3.14 ያለው ፓይተን ግን 1252 የተባለውን የላቲን ሰንጠረዥ ይወስዳል። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ነው፤ ስለዚህ «ደብረ ብርሃን» እና «ደብረ ሲና» የሚሉ የከተማ ስሞች ብቻ ያሉበት ፋይል ያለ ምንም ስህተት ይከፈታል፣ እያንዳንዱ ፊደል ግን ሦስት የማይረባ ምልክት ሆኖ ይወጣል። የከተሞቹ ዝርዝር ላይ «መሐል ሜዳ» ሲጨመር ኮዱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የ«ሐ» እና የ«ል» የመጨረሻ ባይቶች በዚያ ሰንጠረዥ ቦታ የላቸውም። «ምንጃር»ም በ«ም» ምክንያት እንዲሁ ነው። አራት ነጥቡም ኮዱን ያቆመዋል።

ጸጥ ብሎ የሚያበላሸው ከሚያቆመው የከፋ ነው፤ የተበላሸው ስም ተመልሶ ፋይል ላይ ከተጻፈ በኋላ ነው የሚታወቀው። መፍትሔው ፋይል በተከፈተበት ቦታ ሁሉ ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን በግልጽ መጻፍ ነው። ፋይሉ ከኤክሴል ከመጣ «ዩቲኤፍ-8-ሲግ» በሉት፤ አለዚያ የመጀመሪያው ዓምድ ስም ላይ የማይታይ ምልክት ተጣብቆ ዓምዱ «የለም» ይላችኋል። የሌላ ሰው ኮድ ሲሆን ደግሞ «PYTHONUTF8» የተባለውን ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል (ፕሮግራሞች ሲነሡ ከሲስተሙ የሚያነቡት ቅንብር) 1 አድርጉ፤ ከፓይተን 3.7 ጀምሮ ይሠራል። ስክሪን ላይ አማርኛው በትክክል መታየቱ አያታልላችሁ፤ ያንኑ ውጤት ወደ ፋይል ስታዞሩት ሊወድቅ ይችላል።

ኢንተርኔት ለሌለው ማሽን ፓኬጆችን «ፒፕ ዳውንሎድ» በሚለው ትእዛዝ አንድ ፎልደር ውስጥ አውርዳችሁ በፍላሽ ውሰዱ። እዚያ ስትጭኑ «ኖ-ኢንዴክስ» (ኢንተርኔት ላይ አትፈልግ) እና «ፋይንድ-ሊንክስ» (እዚህ ፎልደር ውስጥ ፈልግ) የሚሉትን አማራጮች ጨምሩ። እንደ ነምፓይ (የቁጥር ስሌት ፓኬጅ) ያሉት ግን ለየሲስተሙና ለየፓይተን ስሪቱ ለብቻ የተዘጋጁ ናቸው፤ ኡቡንቱ ላይ ዝም ብሎ የወረደው ዊንዶውስ ላይ አይጫንም። ፍላሹን ከመንቀላችሁ በፊት የፋይሉን ስም አንብቡ፤ የፓይተን ስሪቱም ሲስተሙም እዚያው ላይ ተጽፈዋል።