ኤንኤስሉካፕ ይሠራል እኮ

«ኤንኤስሉካፕ ይሠራል እኮ» የሚል ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር እስካሁን ደሜ ይፈላል። ከዚያ ደግሞ ሳቄ ይመጣል። ኤንኤስሉካፕ ማለት ስም ስትሰጠው ዲኤንኤስን፣ ማለትም ስምን ወደ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) የሚተረጉመውን አገልግሎት፣ የሚጠይቅልህ ትእዛዝ ነው።

2009 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ያኔ የምሠራበት መሥሪያ ቤት የዊንዶውስ ላይሰንስ ወጪ መሮት የደንበኞች አገልግሎት ክፍሉን ማሽኖች ወደ ኡቡንቱ 16.04 (ነፃ የሆነ የሊኑክስ ዓይነት) ለማዞር ወሰነ። ሠራተኞቹ ብሮውዘር ከፍተው አንድ የውስጥ ሲስተም ላይ ነው የሚውሉት። ሥራው ለእኔ ተሰጠ። ይሄን ሁሉ ማሽን በሲዲ እየዞርኩ አልጭንም ብዬ ፒኤክስኢ ሰርቨር አቆምኩ፣ ፕሪሲድ ፋይል (የመጫኛውን ጥያቄዎች ቀድሞ የሚመልስ) ጻፍኩ። ማሽኑን ታበራለህ፣ ከኔትወርክ ይነሳል፣ ዲስኩን ይከፋፍላል፣ ራሱ ጭኖ ይጨርሳል። ቡናህን ጠጥተህ ስትመለስ የሎግኢን ገጹ ይጠብቅሃል። ከመጀመሪያው ዙር ማሽኖች ውስጥ አንዱም በጭነት ላይ አልተበላሸም።

ስናስረክብ ግን ጉዱ መጣ። ኢንተርኔት ይሠራል፣ ጉግል ይከፈታል፣ ያ የውስጥ ሲስተም ብቻ እምቢ አለ። አንድ ማሽን ላይ ቢሆን ኖሮ ድጋሚ ጭኜ አልፌው ነበር። ሁሉም ላይ ነው። እዚያው ስዊች ላይ ያለ ዊንዶውስ ማሽን ደግሞ ያለምንም ችግር ይከፍታል።

የኔትወርክ ክፍሉ ኃላፊ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ሁላችንም «ኢንጂነር» ነው የምንላቸው። ገመድ ከመዘርጋት ጀምረው ያደጉ፣ ስዊችና ራውተር ላይ እጃቸው የማይሳሳት ሰው ናቸው፣ ይሄን አልክድም። መጡ፣ «ተርሚናል ክፈት» አሉኝ፣ ኤንኤስሉካፕ ብለው የሲስተሙን ስም አስገቡ። ትክክለኛው አይፒ ወዲያው ዱብ አለ።

«አየህ? ዲኤንኤሱ ይሠራል። አንተ የጫንከው ነገር ነው የተበላሸው።»

«ኢንጂነር፣ እስቲ ፒንግ ያድርጉት።»

ፒንግ፣ ያንን ማሽን በስሙ «አለህ ወይ?» ብሎ የሚጣራውን ትእዛዝ፣ አደረጉ። ማሽኑ አምስት ሰከንድ ያህል ዝም አለና «አንኖውን ሆስት» (ስሙን አላውቀውም) አለ።

«እሱ ሌላ ነገር ነው» አሉኝ። «ኤንኤስሉካፕ ይሠራል እኮ።»

ይሄን ብለው ተነስተው ሄዱ! እኔን ያንገበገበኝ እዚህ ጋ ነው። አንድ ማሽን፣ አንድ ስም፣ ሁለት የተለያየ መልስ። እዚያ መካከል ነው እንጂ ችግሩ ሌላ የት ሊሆን ነው? ኤንኤስሉካፕ ጥያቄውን በቀጥታ ለዲኤንኤስ ሰርቨር ነው የሚያቀርበው። ብሮውዘሩና ፒንግ ግን እንደዚያ አያደርጉም። እነሱ ሲስተሙን ነው የሚጠይቁት፣ ሲስተሙ ደግሞ ኤንኤስስዊች የሚባለውን ኮንፊግ ፋይል አይቶ ማንን በምን ቅደም ተከተል እንደሚጠይቅ ይወስናል። ስለዚህ የኤንኤስሉካፕ መልስ የሚነግርህ ሰርቨሩ ደህና መሆኑን ብቻ ነው፣ ማሽኑ ሰርቨሩን ስለመጠየቁ ምንም አይልህም። ማሽኑ የሚያየውን ማየት ከፈለግክ ጌትኤንት ሆስትስ ብለህ ስሙን ጻፍ። እኔ ስል ባዶ ነው የመለሰልኝ።

ያቺ አምስት ሰከንድ ዝምታም አልተመቸችኝም። ዲኤንኤስ ሰርቨር «አላውቀውም» ሲል ወዲያው ነው የሚለው፣ አያስብም። ይሄ ማሽን ግን የሆነ ሰው መልስ እንዲሰጠው እየጠበቀ ነበር። በኔትወርኩ የሚወጣ የሚገባውን የሚያሳየውን ቲሲፒደምፕ ከፍቼ ድጋሚ ፒንግ አደረግኩ። የዲኤንኤስ ጥያቄ በሚወጣበት ፖርት 53 ላይ አንዲት ፓኬት አልወጣችም። ጥያቄው የወጣው ወደ 224.0.0.251 ነው፣ በፖርት 5353። መልቲካስት ዲኤንኤስ! ማሽኑ የዲኤንኤስ ሰርቨሩን ትቶ አዳራሹን ሙሉ «እዚህ ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራ አለ ወይ?» እያለ ይጮሃል። ማንም አይመልስለትም። የለም ብሎ ይዘጋዋል።

ኤንኤስስዊች ፋይሉን ስከፍት የሆስትስ መስመር ላይ መጀመሪያ ፋይልስ (ስምና አይፒ በእጅ የሚጻፍበት የማሽኑ የራሱ ሆስትስ ፋይል)፣ ቀጥሎ ኤምዲኤንኤስ4 ሚኒማል (መልቲካስቱ)፣ ቀጥሎ በቅንፍ ኖትፋውንድ ሪተርን፣ መጨረሻ ላይ ዲኤንኤስ ይላል። የዚያ ቅንፍ ትርጉም አጭር ነው፦ መልቲካስቱ ካጣው እዚያው ተመለስ፣ ወደ ዲኤንኤስ አትለፍ። ይሄ ደግሞ መጨረሻው «ሎካል» ለሆነ ስም ብቻ ነው የሚሠራው። የመሥሪያ ቤታችን ዶሜይን መጨረሻው ምን ነበር? ሎካል። ጉግል የሚከፈተውም ለዚያ ነው።

ያንን ዶሜይን የሰየሙትን ሰዎች አልወቅስም። አክቲቭ ዳይሬክተሪ (የማይክሮሶፍት የተጠቃሚና የማሽን ማስተዳደሪያ) ሲያቆሙ በሎካል የሚጨርስ ስም መስጠት ያኔ የተለመደ ነበር፣ የማይክሮሶፍት ስሞል ቢዝነስ ሰርቨርም ራሱ ይሄንኑ ነበር የሚያቀርብልህ። በፈረንጆች 2013 የወጣው አርኤፍሲ 6762 የሚባል የኢንተርኔት ደረጃ ግን ሎካልን ለመልቲካስት ዲኤንኤስ ሰጠው። ሙከራ ላይ ለምን አላየነውም ላለ ደግሞ፣ መጀመሪያ ፕሪሲዱን የሞከርነው ያለ ዴስክቶፕ ነው። ያኛው ላይ መልቲካስቱ የለም። በኋላ ብሮውዘር ስለሚያስፈልግ ዴስክቶፑ ሲጨመር፣ አንዲት የሶፍትዌር ጥቅል አብራ ገብታ ያንን መስመር ራሷ ታስተካክለዋለች። ማንንም አትጠይቅም።

በደስታ ዘልዬ ወደ ኢንጂነር ቢሮ ሄድኩ። ላፕቶፔን ይዤ፣ ፓኬቱን አሳየኋቸው፣ ፋይሉን አሳየኋቸው። በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

«የኔ ልጅ፣ አሁን አንተ እያልክ ያለኸው ዲኤንኤሱ ይሠራል ነው አይደል?»

«አዎ፣ ግን ማሽኑ አይጠይቀውም።»

«ይሠራል አይደል?»

«ይሠራል ኢንጂነር።»

«እኔም ያልኩት እሱን ነው። በል ሆስትስ ፋይል ላይ አይፒውን ጻፉና ተገላገሉ። ሰዎቹ ሥራ ፈትተዋል።»

ሥራ አስኪያጁም በዚሁ ተስማሙ። እውነት ለመናገር ሠራተኞቹ ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው ስልካቸውን እየነካኩ ስለነበር «በአስር ደቂቃ ይፈታል» የሚለው ሰው ማሸነፉ አይገርምም። የኢንጂነር ልጆች ዞረው የተጫኑት ማሽኖች ላይ ሁሉ አይፒውን ጻፉ፣ ሲስተሙ ተከፈተ፣ ተጨበጨበ። እኔ ያቺን መስመር የሚያስተካክል አንድ የሴድ (ጽሑፍ የሚቀይር) ትእዛዝ ፕሪሲዱ ላይ በሌት ኮማንድ፣ ማለትም ጭነቱ ሊያልቅ ሲል በሚሠራው መስመር፣ አስገባሁና ቀሪዎቹን ማሽኖች መጫን ቀጠልኩ። የበፊቶቹንም ላስተካክል ብል «የሠራ ነገር አይነካም» ተባልኩ። እሺ ብዬ ተውኩት። አፌን ዘግቼ ነበር ብል ግን ውሸት ነው፣ ለሰማኝ ሁሉ አውርቻለሁ።

ወራት አለፉ። የመጠባበቂያ ሰርቨሩ ሙከራ መጣ፣ ሲስተሙ ወደ ሁለተኛው ሰርቨር ይዛወራል፣ ዲኤንኤሱ ላይ አይፒው ይቀየራል፣ ሁሉም ይከተላል። ዊንዶውሶቹ ተከተሉ። በኋላ የጫንኳቸው ኡቡንቱዎችም ተከተሉ። ሆስትስ ፋይል የተጻፈባቸው ግን ያው የድሮውን ሰርቨር በር እያንኳኩ ቀሩ። ግማሹ አዳራሽ ይሠራል፣ ግማሹ ቆሟል።

ስልኬ ጠራ። ኢንጂነር ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር ግራ አጋባኝ። ኤንኤስሉካፕ አዲሱን አይፒ ያሳያል፣ ማሽኖቹ ግን የድሮው ጋ ነው የሚሄዱት።»

የምመልሰው ነገር ጠፍቶኝ አይደለም ዝም ያልኩት። ያ ሁሉ ጊዜ ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ፣ አንዱም ለትልቅ ሰው የሚነገር አልነበረም። «መጣሁ ኢንጂነር» ብዬ ዘጋሁት። ሆስትሱን አጸዳን፣ ኤንኤስስዊቹን አስተካከልን፣ በአንድ ስክሪፕት ከምሳ በፊት አለቀ። እሳቸውም ደስ ብሏቸው «ይሄን በጽሑፍ አድርገህ ስጠኝ» አሉኝ። ከምክንያቱ ጋር ገጽ ሙሉ ጽፌ ሰጠኋቸው።

በሳምንቱ በእሳቸው ፊርማ ለቅርንጫፎች ሁሉ የሥራ መመሪያ ወጣ። ምክንያቱ ተቆርጧል፣ ትእዛዞቹ እንዳሉ ገብተዋል፣ አንድም ፊደል አልተሳሳተም። ከሥር ግን እኔ ያልጻፍኩት አንድ መስመር ተጨምሯል፦ «ችግሩ መፈታቱን ለማረጋገጥ ኤንኤስሉካፕ ይጠቀሙ።»