በሩ አልከፈት ያለው ክፍል

ቤታችን ጀሞ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለ ሁለት መኝታ ይባል እንጂ ለዓመታት የኖርነው በአንዱ ነው። የሁለተኛው ክፍል በር እስከ ግማሽ እንኳ አይከፈትም ነበር። ልጃችን ሳሎን ሶፋ ላይ ይተኛል፤ ዕቃው የራሱ ክፍል አለው። እንግዳ ሲመጣ በሩን ጠርቀም አድርገን «እሱ ዕቃ ቤት ነው» እንላለን። እንግዳውም አይገርመው፤ የእሱም ቤት እንዲሁ ነው።

ጥቅምት ላይ እማዬ ከደብረ ብርሃን ለሕክምና ልትመጣ ሆነ። አስም አለባት፤ አቧራና ጭስ አይስማሟትም። ክፍሉ የግድ መለቀቅ ነበረበት።

ዩቲዩብ ላይ ዕቃ ስለ መቀነስና «ቀላል ኑሮ» ስለሚሉት ነገር ብዙ አየሁ። ነጭ ግድግዳ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ አበባ። ምክሩም አንድ ነው፤ መግዛት ቀንሱ፣ የማትጠቀሙበትን ጣሉ። ለሌላ ቤት ይሠራ ይሆናል። እኛ ግን መቼ ገዝተን ነው የሞላነው? ያን ክፍል የሞሉት ፍርሃትና ይሉኝታ ናቸው።

ከፍርሃቱ ልጀምር። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን፤ አንዳንዴ ፈረቃውም ይረሳናል። ስለዚህ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካኖች በግድግዳው ልክ ተደርድረዋል። ጀሞ የሚኖር ሰው ጀሪካን ጣይ ቢሉት ይስቃል፤ እኔም ደህና ደህናዎቹን አልነካሁም። ግን ከመሃላቸው የተሰነጠቁ ነበሩ። የተሰነጠቀ ጀሪካን ምን ይሠራል ስል ባለቤቴ «ቆርጠን በረንዳ ላይ ጎመን እንተክልበታለን» አለ። ይህን በየዓመቱ ነው የሚለው።

ደግሞ የተበላሸ ካውያ፣ የማይሞቅ ምድጃ፣ ምላጩ የወደቀ ብሌንደር። እነዚህ ድሮ ይጣሉ ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ወዲህ በቤታችን የተበላሸ ዕቃ የሚባል ነገር የለም፤ ያልተጠገነ ብቻ ነው ያለው። የዛሬውን ካውያ ዋጋ ያየ ሰው የድሮውን ለመጣል እጁ ይከብደዋል። ይህን ፍርሃት ስንፍና ነው የሚል ሰው ሱቅ ገብቶ ይጠይቅ።

ወረቀቱ ሌላ ጉድ ነው። አንድ ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት ከስንት ዓመት በፊት የከፈልኩበትን ደረሰኝ «ኦሪጅናሉን» አምጪ ብሎኛል። ከዚያ በኋላ የመብራት ደረሰኝ ሳይቀር በፌስታል ማጠራቀም ጀመርኩ። አሁን የቤቱን ውል፣ የባንኩን ክፍያ፣ የልደት ካርዶችንና የትምህርት ማስረጃዎችን በአንድ ክላሰር አድርጌ የቀረውን ቀደድኩት። መብራቱን እንደሆነ በቴሌብር ነው የምንከፍለው፤ ታሪኩ ስልኬ ላይ አለ። ፌስታሎቹ ደግሞ፣ ፌስታል የሞላ ፌስታል በየቤቱ እንዳለ ታውቃላችሁ። ፓርላማው በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክለውን አዋጅ ሲያጸድቅ ባለቤቴ «አሁን ነው ዋጋ የሚያወጡት» ብሎ አንድ ከረጢት ደብቋል። እሱን አግኝቼዋለሁ።

ይሉኝታው ነው የከበደኝ። እህቴ ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች። በዓል በመጣ ቁጥር በካርጎ ካርቶን ትልካለች፤ ከላይ ሳሙናና ሻምፖ፣ ከታች ብርድ ልብስ። ያ ወፍራሙ፣ ነብርና አንበሳ የተሳለበት። አንዱ ብቻ አንድ ሻንጣ ይሞላል። ገንዘቡን በምን ሁኔታ እንደምታገኘው ስለማውቅ አንዱንም ለሰው መስጠት አልቻልኩም፤ ማሸጊያውንም ሳልከፍተው ነው የማስቀምጠው። ከሠርጋችን የተረፉት ሦስት ፔርሙዞችና የብርጭቆ ስጦታዎችም እንዲሁ። ሰጪዎቹ ቤቴ መጥተው «የታለ?» ቢሉኝስ? እስከዛሬ ማንም አላለኝም፤ ግን ይሉኝታ መረጃ አይጠይቅም።

ስለዚህ «ልጣለው ወይስ ላስቀምጠው» የሚለውን ተውኩት። «ማን ይጠቀምበታል» ብዬ መጠየቅ ስጀምር እጄ ቀለለኝ።

ለብረታ ብረቱና ለጠርሙሱ ቁራሌው አለ። እሱን መጥራት ግን ከእማዬ ጋር አስቸጋሪ ነው። ከመጣች ወዲህ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የለየሁትን ትፈትሻለች።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ድስት እኮ ምንም አልሆነም!»

«እማዬ፣ ቂጡ ተበስቷል።»

«ይበየዳላ!»

ቅዳሴ የሄደች ቀን ጠራሁት። ቁራሌው ካውያውን ገልብጦ አየና «እትዬ፣ ይቺ ምናለሽ ተራ ብትደርስ ነገ ትተኩሳለች» አለኝ። ደስ አለኝ። መርካቶ ምናለሽ ተራን ያየ ሰው ይገባዋል፤ የዘይት ቆርቆሮው፣ የመኪና ጎማው፣ በርሜሉ እዚያ ሄዶ ሌላ ዕቃ ሆኖ ይወጣል። ባለቤቴ ለዓመታት የሚዝትበትን ጥገና እነሱ በአንድ ጠዋት ይጨርሱታል።

ልዋጭ ግን ተጠንቀቁት። አሮጌ ልብስ ይወስድና በምትኩ ሳፋ፣ ኩባያ፣ የፕላስቲክ ቅርጫት ያስታቅፋችኋል። ጎረቤቴ አሮጌ ሱሪዎች አውጥታ ሦስት ሳፋ አስገባች፤ ሳፋዎቹ አሁን ኮሪደሩ ላይ ናቸው። እኔ ልብሱን ራሴ ለይቼ አጠብኩትና ከብርድ ልብሶቹ ጋር ለመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ሰጠሁት። አስቀድሜ ግን ለእህቴ ደወልኩ። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ለአረጋውያን ከሆነ ይሁን፤ ለጎረቤት እንዳትሰጪ ግን» አለችኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። አውቀዋለሁ።

ሁለቱን የድግስ ድስቶች ለብሎካችን እድር አስረከብኩ። ይህን ሳደርግ ነው ቀላል ኑሮ የሚሉት ነገር ከነጩ ግድግዳ ሰዎች ብቻ የመጣ አለመሆኑን ያሰብኩት። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ትልልቁ ድስትና ትሪው በየቤቱ እንዳይገዛ ብሎ እኮ ነው እድር የሚይዘው። በዓመት አንዴ ለሚመጣ ድግስ እኔ ለብቻዬ ምን አንከራተተኝ?

በመሃል ኅዳር 12 ደረሰ። የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ካረገፈ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር ሲታጠን የቤት ጥራጊ ይወጣና ይቃጠላል። ልጅ ሆኜ የምወደው ቀን ነበር። ያኔ የሚቃጠለው ቅጠል፣ ገለባና ጨርቅ ነው። ዛሬ ፕላስቲክና የሕፃን ዳይፐር ነው፤ ጭሱ ጥቁር ነው። ከተማው አታቃጥሉ ቢልም ሰው ያቃጥላል። እማዬ ቀኑን ሙሉ መስኮት ዘግታ፣ መተንፈሻዋን አጠገቧ አድርጋ ዋለች። ልማዱን ሳትነቅፍ «ጽዳቱ ይቅርብን አላልኩም፤ እሳቱ ግን» አለችና አሳላት።

ከእኛ ክፍል አንድም ነገር እሳት ውስጥ አልገባም። በጆንያ አስሮ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ መስጠትም ቢሆን መጨረሻው ቆሼ ነው፤ ከሰፈራችን ሩቅ አይደለም። መጋቢት 2009 ዓ.ም. ያ የቆሻሻ ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ገድሏል፤ አብዛኞቹ እዚያው ሥር ቤት ቀልሰው የሚኖሩ ነበሩ። ስለዚህ ለሰብሳቢዎቹ የሰጠሁት እውነትም ማንም የማይፈልገውን ብቻ ነው፤ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት፣ የተቀደደ ወረቀት፣ ያረጀ ስፖንጅ።

አሁን ክፍሉ ውስጥ አልጋ፣ የእማዬ ሻንጣ፣ አንድ ቁም ሳጥንና ጀሪካኖቹ አሉ። ብርጭቆዎቹን ገና አልወሰንኩም። ሦስቱን አውጥተን በየቀኑ ውሃ እንጠጣባቸዋለን፤ አንዱን ልጄ ሰብሮታል፣ እሱም አንድ መፍትሔ ነው። እማዬ በጥር ስትመለስ ክፍሉ የልጄ ይሆናል፤ ግድግዳውን አረንጓዴ እንቀባው ብሎ ከአባቱ ጋር ድርድር ላይ ነው።

ከእህቴ ጋር ግን አልተስማማንም። የካርጎውን ገንዘብ ለራስሽ አስቀምጪው አልኳት። «ባዶ እጄን በዓል ላሳልፍ?» ብላ ተቆጣች። እሷም እውነቷን ነው፤ ካርቶኑ ሲከፈት በቪዲዮ እያየች የምትስቀው ሳቅ አለ፤ እሱን እንዴት አድርጌ እንደምከለክላት አላውቅም። ሳሙናና የልጅ ጫማ ብቻ ላኪ ብያት ዘጋን። የገናው ካርቶን መንገድ ላይ ነው። ምን እንዳለበት ዛሬ ጠየቅኳት፤ ብርድ ልብስ ነው፤ ግን «ቀጭኑ ነው» ብላኛለች።