የመቶ ብር ኬክ 114.99999999999999 ሲያወጣ

ፒያሳ አካባቢ ላለች አንዲት ኬክ ቤት ትንሽ የሂሳብ ፕሮግራም ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ሠርቼ ነበር። ትልቅ ነገር አይደለም። አስተናጋጁ የታዘዘውን ያስገባል፣ ካሸሯ ስክሪን ላይ ዋጋው ከነቫቱ ይወጣል፣ እሷ ደግሞ እሱን አይታ ደረሰኙን በማሽኑ ትቆርጣለች። በቃ። የሁለት ቀን ሥራ ነው ብዬ ገባሁበት፣ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። የፈጀብኝ ደግሞ ቁጥሩ ስክሪን ላይ እንዴት ይጻፍ የሚለው ነገር ነው ብል ማን ያምነኛል?

የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ሆነ። ኬኩ ያለ ቫት 100 ብር ነው፣ ቫቱ 15 በመቶ። 1.15ን በ100 አባዛሁ። ስክሪኑ 114.99999999999999 አለ። ካሸሯ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀምጣ ጠጋ ብላ አየችው።

«ይሄ ምንድነው? የስልክ ቁጥር ነው?»

ሰው ተሰልፏል፣ እኔ አልቦኛል። ቶሎ ብዬ ከነጥቡ ወዲያ ያለውን «ኢንት» በሚባለው የፓይተን ትእዛዝ ቆረጥኩት። እሱ ደግሞ መቁረጥ እንጂ ማጠጋጋት አያውቅም። 114 ሆነ። ስክሪኑ 114፣ ከማሽኑ የወጣው ደረሰኝ 115። ደንበኛው ሁለቱን እያየ «የቱን ልክፈል?» ሲል መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ማታ ቤት ገብቼ ሳነብ ኮምፒውተሩ እንዳልተሳሳተ ገባኝ። 10 ብር ለሦስት ሰው እኩል አካፍሉ ብትባሉ 3.33 ሰጥታችሁ አንድ ሳንቲም እጃችሁ ላይ ትቀራለች አይደል? ለእኛ አንድ ሦስተኛ መጨረሻ እንደሌለው ሁሉ፣ በ0 እና በ1 ብቻ ለሚቆጥረው ማሽን 1.15ም መጨረሻ የለውም። ያለው 64 ቢት፣ ማለትም ለ0 እና ለ1 የሚሆን 64 ቦታ ነው፣ እሱ ላይ ያቆማል። የያዘው 1.15ን ሳይሆን ከሱ በትንሹ የሚያንስ ቁጥር ነው። ጣጣው የፓይተን ብቻም አይደለም፤ ሌላው የኮምፒውተር ቋንቋ ጃቫስክሪፕትም ቁጥር የሚይዘው በዚሁ በ1985 በወጣው አይ ትሪፕል ኢ 754 በሚባለው ስታንዳርድ ስለሆነ እዚያም ያው ነው።

«ራውንድ» የሚባለውን የማጠጋጊያ ትእዛዝ ሞከርኩ። 115.0 ሰጠኝ። በአንድ ዜሮ የሚጻፍ ብር የት አገር ነው ያለው? ከዚያ ቁጥሩ እንዴት እንደሚጻፍ የሚወስነውን ፎርማት አገኘሁት፦ ኮለን፣ ኮማ፣ ነጥብ፣ ሁለት፣ ኤፍ። ኮማዋ ሺዎቹን ትለያለች፣ «ነጥብ ሁለት ኤፍ» ሳንቲሙን ሁለት አሃዝ ያደርጋል። 115.00። አምሮበታል። ጨረስኩ ብዬ ማኪያቶ አዘዝኩ።

አልጨረስኩም። ያማረውን ጽሑፍ ራሱን አስቀምጬ ኋላ የቀኑን ድምር የምሠራው መልሼ ከሱ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ሠራ። ቅዳሜ ከሰዓት ግን አንድ ሰው ለልደት የ1,250 ብር ኬክ አዘዘ፣ ኮማ ያለበት የመጀመሪያው ዋጋ መጣ፣ ፕሮግራሙም «ቫልዩ ኤረር» የሚል የስህተት መልእክት አውጥቶ ቀጥ አለ። ኮማ ያለበት ጽሑፍ ለፓይተን ቁጥር አይደለም። ከዚያ ወዲህ ፎርማት የማደርገው ስክሪን ላይ ሊወጣ አንድ መስመር ሲቀረው ነው፣ ከዚያ በፊት ቁጥሩን አልነካውም።

እሱን ሳስተካክል ደግሞ ሌላ መጣ። ሂሳብ ሲዘጋ የካዝናው ልዩነት -0.00 ይላል። ካሸሯ ፊቷ ተለዋወጠ። «ሲቀነስ ዜሮ ማለት ጎድሎብኛል ማለት ነው?» ምንም አልጎደለባትም። በድምሩ ውስጥ የተጠራቀመች ከሳንቲም ሚሊዮንኛ ያነሰች ትርፍራፊ ናት፣ ሁለት አሃዝ ላይ ስትጠጋጋ ዜሮ ሆና የመቀነስ ምልክቷ ግን ቀረ። ይህን ለገንዘብ ያዥ ማስረዳት ኮዱን ከመጻፍ ይከብዳል፣ እመኑኝ።

ያን ጊዜ ነው እስካሁን የተጠቀምኩበትን፣ ፍሎት የሚባለውን የቁጥር ዓይነት ትቼ፣ ቁጥሩን እንደ እኛ በአሥር ቤት ወደሚይዘው «ዴሲማል» የዞርኩት። እዚህ አንድ ወጥመድ አለ። 1.15ን ያለ ጥቅስ ምልክት ከሰጣችሁት የተበላሸውን ነው ተቀብሎ በታማኝነት የሚይዘው፣ 1.149999 እያለ ይቀጥላል። በጥቅስ፣ እንደ ጽሑፍ ስጡት። እንደዚያ ሲሆን 115.00 ጥርት ብሎ ይወጣል።

የመጨረሻው ጣጣ ግን ከኮምፒውተሩ አልመጣም። ሻይ በዝርዝሩ ላይ ያለ ቫት 28.70 ነው። ከነቫቱ ልክ 33.005 ይሆናል። ግማሽ ሳንቲም! ዴሲማል ዝም ካላችሁት ግማሽን ወደ ተጋማሹ (ለሁለት እኩል ወደሚካፈለው) አሃዝ ስለሚወስድ 33.00 ይላል፣ «ግማሽ ወደ ላይ» ካላችሁት 33.01። ትምህርት ቤት የተማርነው ይሻላል ብዬ ወደ ላይ አደረግኩት። ሻይ 33.01 ሆነ። በዚህ ዘመን ስሙኒ እንኳን የሚቀበል ሰው የለም፣ እኔ አንድ ሳንቲም ጨመርኩ።

ባለቤቱን ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ ግማሿን ሳንቲም ወዴት ልውሰዳት?»

መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝ። «ልጄ፣ ሻይ 33 ብር ነው። 28.70 የሚለውን ከየት አመጣኸው?»

ለካ ዝርዝሩን የጻፈው ሰው 33ን ለ1.15 አካፍሎ አጠጋግቶ ኖሯል፣ ማሽኑ ላይም ዋጋው የተሞላው ከነቫቱ ነው። መጀመሪያ ቀን ብጠይቅ ኖሮ! ሁሉንም ገለበጥኩት። ከ33 ተነስቼ ያለ ቫቱን አካፍዬ አገኛለሁ፣ 28.70፤ ቫቱን ግን አላባዛም፣ ከ33 ላይ እቀንሳለሁ፣ 4.30። ሁለቱ ሲደመሩ ሁሌም ከጠቅላላው ይገጥማሉ።

ሦስት ሻይ 99 ብር ነው፣ ስክሪኑ 86.09 እና 12.91 ብሎ ይከፍለዋል። 28.70 ሦስት ጊዜ ግን 86.10 ነው። ካሸሯ እስካሁን አላየቻትም።