የአያት ማንኪያና የእናት እንገር

ጎንደር ውስጥ ባለ አንድ የወሊድ ክፍል፣ በጠዋቱ ርክክብ ላይ የአንዲት አራስ ቻርት ተገለጠ። ሌሊት 8 ሰዓት ገደማ በኦፕራሲዮን ወልዳለች፤ የሕፃኑ ክብደትም ትንፋሹም ደህና ነው። «ጡት የጀመረበት ሰዓት» በሚለው መስመር ላይ ግን ምንም አልተጻፈም። ተረካቢዋ አዋላጅ ነርስ ወደ አልጋው ስትሄድ መልሱን ኮመዲኖው ላይ አገኘችው፦ ስኳር የተበጠበጠበት ሲኒ ከነማንኪያው፣ በቅጠል የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ፣ ቢጫ ፈሳሽ የመጠጠ ጨርቅ። እንገሩ ታልቦ ተደፍቷል።

«ሲከርም ሆዱን ይቆርጠዋል ብዬ ነው ልጄ» አሉ አያትየዋ። «ስኳሩን ቀምሷል። ቅቤውን ደግሞ ሲነጋ ላስውጠው ነበር፣ አንጀቱ እንዲርስ።»

አዋላጇ አልተቆጣችም። ለመቆጣትም መብት የለንም፤ ያ ሕፃን ሌሊቱን ሲያለቅስ ከአያቱ በቀር ያቀፈው አልነበረም።

የተደፋው ምን እንደሆነ በደንብ መታየት አለበት። በምጥ የሚወለድ ልጅ የመጀመሪያዎቹን የአንጀት ባክቴሪያዎች ከእናቱ እየተረከበ ይወጣል። ብዙ ሰው ከብልቷ ብቻ ይመስለዋል፤ ዋናው ምንጭ አንጀቷ ነው። ሲወጣ ከእናቱ ሰገራ ጋር መነካካቱ ደስ ባይልም፣ ባክቴሮይድስና ቢፊዶባክቴሪየም የሚባሉት የአንጀት ባክቴሪያዎች የሚሻገሩት በዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ 600 የሚጠጉ የብሪታንያ ሕፃናት ላይ የወጣ ጥናት፣ በኦፕራሲዮን የተወለዱት ባክቴሮይድስ እንደሚያንሳቸው፣ በምትኩ እንደ ኢንቴሮኮከስና ክሌብሲየላ ያሉ ሆስፒታል የሚያዘወትሩ ዝርያዎች እንደሚበዙባቸው አሳይቷል። ቆዳ ከመቀደዱ በፊት ባለው 60 ደቂቃ ውስጥ ለእናትየዋ የሚሰጠው አንቲባዮቲክም የራሱ ድርሻ አለው። ይህ ማለት መርፌው ይቅር ማለት አይደለም፤ እናትን ከቁስል ኢንፌክሽን የሚጠብቃት እሱ ነው። ለዚህ ልጅ የቀሩለት መንገዶች የእናቱ ቆዳና ወተት ናቸው ማለት ነው፤ ሌሊቱን ሁለቱም ተዘግተውበታል።

በአንድ ሊትር እንገር ውስጥ ከ20 ግራም በላይ ኦሊጎሳካራይድ የሚባሉ ስኳሮች አሉ። ሕፃኑ ራሱ ሊፈጫቸው አይችልም። የሚፈጫቸው ቢፊዶባክቴሪየም፣ በተለይም ኢንፋንቲስ የሚባለው ዝርያ ነው። እነሱን እየበላ አሴቲክና ላክቲክ አሲድ ያወጣል፤ አንጀቱ ሲኮመጥጥ ኢ ኮላይና ክሌብሲየላ አይመቻቸውም። እንገር ውስጥ በብዛት ያለው አይጂኤ የተባለው ፀረ እንግዳ አካል ደግሞ ጎጂዎቹ ከአንጀት ግድግዳ ጋር እንዳይጣበቁ ይከለክላል። ወተቱ ራሱም ባክቴሪያ ይዞ ይመጣል፦ በአሜሪካ በሎስ አንጀለስና በሴንት ፒተርስበርግ (ፍሎሪዳ) 107 እናቶችና ሕፃናታቸው ላይ በተደረገ ጥናት፣ በዋናነት ጡት በሚጠቡት ዘንድ በመጀመሪያው ወር ከአንጀታቸው ባክቴሪያ 28 በመቶ ያህሉ ከወተት፣ 10 በመቶ ያህሉ ከጡት ጫፍ ዙሪያ ቆዳ የመጣ ነበር።

ለጋ ቅቤ በበኩሉ ከጓዳው፣ ከመናጫውና ከእጅ የራሱን ተህዋስያን ይዞ ይመጣል። ከዚያ የከፋው አደጋ ግን ሳንባ ነው፤ እያለቀሰ በግድ ሲያስውጡት ቅባቱ ወደ ሳንባ ከወረደ አንቲባዮቲክ የማያድነው የሳንባ ምች ያመጣል። የስኳር ውሃው ጉዳት ቀለል ያለ ቢመስልም አይናቅም። በመጀመሪያው ቀን ሕፃን በአንድ ጊዜ የሚበቃው ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሊትር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ጥቂት ማንኪያ ስኳር የቀመሰ ልጅ ጠግቦ ይተኛል፣ ጡቱ አይጠባም፣ ያልተጠባ ጡት ደግሞ ወተቱ ይዘገያል።

አዋላጇ መጀመሪያ ትንፋሹን ቆጠረች፤ በደቂቃ ከ60 በታች ነው፣ አያቃስትም። ልብሱን አውልቃ በዳይፐርና በኮፍያ ብቻ እናቱ ደረት ላይ አስተኛችው፤ ፊቱን ወደ ጎን አዙራ፣ አፍንጫው እየታየ፣ ብርድ ልብስ ከላይ። ቁስሉን እንዳይነካ እግሮቹን ወደ እናቱ ብብት ሥር አሳልፋ ከጎኗ ትራስ ደገፈችው። ጡቱን ቢሰጡትም አፉን በደንብ አልከፈተም፤ ስኳሩ አስተኝቶታል።

ስለዚህ በእጅ ማለብ ሆነ። አውራ ጣት ከላይ፣ ሌሎቹ ከታች፣ ከጫፉ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ። ወደ ደረት ገፋ፣ ጨመቅ፣ ለቀቅ፤ ጣት ቆዳው ላይ መንሸራተት የለበትም፣ ያማል እንጂ አያወጣም። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ምንም አይታይም፤ አብዛኛው ሰው «ወተት የላትም» ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው። ቀስ እያለ ወፍራም ቢጫ ጠብታ መጣ። አዋላጇ በታጠበ ማንኪያ ተቀብላ ለአያትየዋ ሰጠቻቸው፦ «እትየ፣ እርስዎ ያቅምሱት። ቅቤውን ለአራሷ ገንፎ።» ስኳሩን መከልከል ይቻላል፤ ማንኪያውን ከአያት እጅ መንጠቅ ግን ሌላ ሌሊት ሌላ ነገር ተደብቆ እንዲሰጥ ከማድረግ አያልፍም።

ከዚያ በኋላ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል፣ ሌሊትም ጭምር። የሚታየው ዳይፐሩ ነው፦ ጥቁሩ ካካ ወደ አረንጓዴ፣ በ4ኛው ወይም በ5ኛው ቀን ወደ ቢጫ ካልተለወጠ፣ ወይም ክብደቱ ከ10 በመቶ በላይ ከቀነሰ፣ አጠባቡ እንደገና ይታያል።

የሕፃኑ አባት ስልኩ ላይ ያየውን ጠየቀ፦ የእናትን የብልት ፈሳሽ በጨርቅ ወስዶ ልጁን መቀባት። ከጥናት ውጭ አይመከርም። ኸርፐስና ሌሎች ኢንፌክሽኖችን ሊያሻግር ይችላል፤ የጎደለው ደግሞ የአንጀት ባክቴሪያ ስለሆነ ክፍተቱን አይሞላም።

ወደ ባዶው መስመር እንመለስ። በምጥ ስትወልድ ያዋለደቻት ራሷ ጡት ታስጀምራለች። በኦፕራሲዮን ሲሆን ግን የኦፕራሲዮን ክፍሉ «ዋርድ ያስጀምራል» ይላል፣ ዋርዱ «እዚያ ተጀምሯል» ይላል። አሁን በዚያ ክፍል ሕፃኑን ከሐኪሙ የተቀበለ ሰው ሰዓቱን ሳይጽፍ ማስረከብ አይችልም። ጀርባዋ ላይ የማደንዘዣ መርፌ ተወግታ ሳትተኛ የወለደች እናት ማገገሚያ ክፍል ውስጥ ታጠባለች፤ ሙሉ ሰመመን የወሰደች ነቅታ ልጇን መያዝ እንደቻለች። አንዲት አስታማሚም አብራ ትገባለች፤ እንገሩ ሲወጣ እንድታይ።